የኮሶው ሥር መሬት

የእትዬ ጌጤ ልጅ አስካለ ደውላ «እማዬ አረፈች» ስትለኝ ሱቄን እየከፈትኩ ነበር። ቁልፉ በእጄ እንዳለ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔም አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች። ትንሽ ቆይቶ ግን ከአፌ የወጣው ቃል እኔኑ አስደነገጠኝ።

«ስሚ አስካለ፣ ለተዝካሩ ብላችሁ እንዳትበደሩ!»

ከወዲያ በኩል በልቅሶዋ መሀል ሳቋ አመለጣት። «ኧረ እትዬ ብርቄ፣ ገና እኮ አልተቀበረችም!»

«ቢሆንም» አልኳት።

ሳቋን ዋጥ አደረገችና «እኔስ አልበደርም፤ ግርማ ግን…» ብላ ተወችው። ግርማ ወንድሟ ነው፤ ደብረ ብርሃን ሥራ ይዞ የሚኖር። ነገሩ ገባኝ። ሱቁን መልሼ ቆልፌ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተነሣሁ። እናቷ ለሞተችባት ልጅ እንዲህ ይባላል ወይ የሚለኝ ይኖራል። እትዬ ጌጤን የሚያውቅ ግን አይፈርድብኝም።

መሐል ሜዳ ከተማ ገብቼ ይችን ሱቅ ከመክፈቴ በፊት፣ ገጠር ሳለሁ፣ እትዬ ጌጤ ጎረቤቴ ነበሩ። የእሳቸውን ግቢና የእኔን ግቢ የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጉንጫቸውን ብርድ ያጠቆረው ሴት ነበሩ። ነገር ሲጠየቁ ቶሎ አይመልሱም። መጀመሪያ መቀነታቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ዝናብ እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብለው ሰማይ ያያሉ፤ ከዚያ ነው የሚናገሩት። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ችኩል ነኝ። «ኧረ ይናገሩ እንጂ፣ ልሙት ወይ!» እላቸዋለሁ። «ሙቻ፣ ማን ከለከለሽ» ይሉኛል፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እየሳቁ።

አንድ የታወቁበት ጥያቄ ነበራቸው። አዲስ ጫማ ያደረገ፣ ሬዲዮ የገዛ ወይም ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው ሲያዩ «እሰይ፣ ያምራል» ይሉና ወዲያው «የማን ብር ነው?» ይላሉ። በክፋት አይደለም፤ ስለ ልጅ ጤና እንደሚጠይቅ ሰው ነው የሚጠይቁት። የሚስቅ ይስቃል፣ የሚቀየምም ይቀየማል። አንዴ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አዲስ ካፖርት ለብሶ ስብሰባ ቢመጣ ይህንኑ ጠየቁት። ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ብርዱ አጥንት እየሰበረ፣ እስከ ስብሰባው መጨረሻ ካፖርቱን አውልቆ ታቅፎት ተቀመጠ።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ እኔ አውቃለሁ።

ባላቸው ጋሽ ተክሌ የሞቱት ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ሰው የሚወዳቸው፣ የሰፈሩ አስታራቂ ነበሩ። አርባቸው ሲደርስ የሟች ታላቅ ወንድም ጋሽ ቸርነት መጡና «ተክሌን የሚያህል ሰው በንፍሮ ሊሸኝ ነው? አገር ምን ይላል?» አሉ። ጋሽ ቸርነት ክፉ ሰው አልነበሩም። ወንድማቸውን ይወዱ ነበር፤ በሬ ካልወደቀ ግን ሐዘናቸው የሚወጣላቸው አልመሰላቸውም። እትዬ ጌጤ ያን ጊዜ መቀነትም አላጠበቁ፣ ሰማይም አላዩ። አንገታቸውን ደፍተው «እንዳላችሁ» አሉ።

ሰንጋ ተጣለ፣ ሙክት ታረደ፣ ጠላው በጋን በጋን ተጠመቀ። አገር በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ። «ተዝካር ማለት እንዲህ ነው!» እያለ ከንፈሩን እየጠረገ ወደየቤቱ ሄደ። በሳምንቱ ግቢው ውስጥ የቀሩት እትዬ ጌጤ፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና የሰንጋው ቆዳ ነበሩ።

የድግሱን ብር ያበደሩት አቶ ማንደፍሮ ናቸው። በጋቸው የበዛ፣ ጎተራቸው የሞላ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ጨዋ ሰው ነበሩ። ብሩን የሰጡት በወለድ አገድ ነው። ይኼ የአገራችን ነገር ነው፤ ለማያውቀው ልንገረው። አበዳሪው ወለድ አይጠይቅም። በወለዱ ፈንታ መሬትህን ይይዛል፤ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይበላል። የተበደርከውን እስክትመልስ ድረስ መሬቱ በእጁ ነው። ዕዳው አንድ ብር አይጨምርም፤ አንድ ብርም አይቀንስም። ባለበት ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ሰው «አይጨምርም» በምትለዋ ይታለልና ልጁ ጎርምሶ አግብቶ መሬቱ እዚያው ይቀራል።

የተያዘው መሬት የእትዬ ጌጤ ምርጡ ማሳ ነበር። ትልቅ የኮሶ ዛፍ ስላለበት «ኮሶው ሥር» ይባላል። ከዚያ ሌላ የነበራቸው ድንጋይ የበዛበት ቁራጭ ተዳፋት ነው፤ እሱ እንኳን ሦስት ነፍስ፣ አንዲት ዶሮ አያኖርም። እንግዲህ ሴትየዋ ኮሶው ሥርን ካላስመለሱ ልጆቻቸው የሰው እኩል አራሽ ሆነው መቅረታቸው ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሚያልፉት በዚያው ማሳ ዳር ነው። በላይ በኩል ሌላ መንገድ ነበረ፤ አንድም ቀን አልሄዱበትም። ገብሱ ሲያሸት፣ ነፋስ ሲያወዛውዘው፣ ቆም ብለው ያዩታል።

«እንዴት ያስችልዎታል? ልብዎን አያቃጥልዎትም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ያቃጥለኛል እንጂ» አሉ። «መንገድ ከቀየርኩ ግን እረሳዋለሁ። አቶ ማንደፍሮም ብረሳው ደስ ይላቸዋል።»

አብረን የበግ ጠጉር እንፈትል ነበር። ካቡን ተደግፈን፣ ፀሐይ እየሞቅን፣ እንዝርታችንን እያሾርን ስናወራ እንውላለን። ፈትሉን ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩት ሸማኔዎች እንሸጣለን። ጓሳ የሚባለው የጋራ የሣር ቦታ ለአጨዳ በተከፈተ ጊዜ ደግሞ እሳቸው ከሁሉ ቀድመው ወጥተው፣ ሣሩን አጭደው፣ ለቤት ክዳን ለሚፈልግ ተሸክመው መሐል ሜዳ ያወርዳሉ። እኔ ባገኘሁት ብር ስኳርም አይቀረኝ፣ ሻሽም አይቀረኝ። እሳቸው ሻሻቸው ቀለሙ ጠፍቶ ምን እንደነበረ አይታወቅም። «ኧረ በማርያም፣ አንድ ሻሽ ይግዙ! ሰው አየኝ ብለው እንኳ!» ስላቸው «የማን ብር ነውና?» ይሉኛል። እናደዳለሁ። ከሰው ጋር አብሮ ገበያ ወጥቶ፣ ብቻን ሻሽ መግዛት ደስ አይልም።

አንድ የቅዳሜ ገበያ ግን መቼም አይረሳኝም። ገብስ ሊገዙ ጎንበስ አሉና ከጆንያው ዘገን አድርገው በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ከዚያ ቀና ብለው ሻጩን አዩት፤ የአቶ ማንደፍሮ ልጅ ነው። «የኮሶው ሥር ነው አይደል?» አሉት። ልጁ አፍሮ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። «ምን ያሳፍርሃል ልጄ፣ ጥሩ ገብስ ነው» ብለው ሳይከራከሩ ገዙ። ከገበያ ስንመለስ እኔ ንዴቴ ከሩቅ ይሰማል፤ «የገዛ መሬትዎን ገብስ በብር!» እያልኩ መንገዱን ሁሉ ጮህኩ። እሳቸው ጆንያውን ተሸክመው ዝም ብለው ይሄዳሉ። ቤት ልንደርስ ስንል «ብርቄ፣ እባክሽ ዝም በይ፤ እንዳላለቅስ ነው ዝም ያልኩት» አሉኝ። ጆንያውን ተቀብዬ ተሸከምኩላቸው።

ዓመት ዓመትን እየወለደ ብሩ ተጠራቀመ። የመጨረሻዋን ማሟያ ያገኙት በጎቻቸውን ለፋሲካ ገበያ አውጥተው ነው። በግ ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በጾም ወር ማን በግ ይሸጣል? ፋሲካ ግን በዚያ ዓመት ዘግይቶ ነበር የዋለው። ሁለት ሽማግሌ ይዘው፣ እኔንም አስከትለው አቶ ማንደፍሮ ቤት ስንደርስ ግንቦት ገብቷል።

አቶ ማንደፍሮ በክብር ተቀበሉን። ጉዳዩን ሰምተው ጢማቸውን አሻሹ።

«ጌጤ፣ ብርሽን ጠልቼ አይደለም። ግን ማረሻ ገብቷል፤ ሁለት ጊዜ አርሼዋለሁ። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ መሬት የሚመለሰው ሰብል ከተነሣ በኋላ፣ ማረሻ ሳይገባ ነው። የዘንድሮን ላንሣና በጥር ነይ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ወጉ እንዲያ ነው፤ ምን ይበሉ? እኔ ግን ደሜ ፈላ። እትዬ ጌጤ ሲቀመጡ የላላ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ። ጣሪያ ሥር ስለነበርን ሰማይ የለም፤ ጣሪያውን አዩት።

«እንግዲያው የዘንድሮን ዘርተው ይጨዱ፣ ይብሉ» አሉ። «ብሩን ግን ዛሬ ይቀበሉኝ።»

አቶ ማንደፍሮ የሰሙትን ያላመኑ መሰሉ። «መሬቱን ሳለቅልሽ?»

«መሬቱን በጥር ይለቁልኛል። ሽማግሌዎቹ ይስሙልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ዕዳ የለብኝም።»

ብሩ ተቆጠረ፣ ሽማግሌ መሰከረ፣ ወጣን። ከግቢው እስክንርቅ የታገስኩት በስንት መከራ ነው!

«አብደዋል! ሰው መሬቱን በሰው እጅ ትቶ ብሩንም ይሰጣል? እስከ ጥር ድረስ እኮ በእርስዎ ብር ይነግዱበታል፣ የእርስዎን ገብስ ይበላሉ! ቢያንስ ግልገል ገዝተውበት እስከዚያ ያተርፉ አልነበር?»

ሰማይ አዩ። አሁን እንኳ ሰማይ ነበረ።

«የማን ብር ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነዋ!»

«አይደለም። የእሳቸው ነው። እኔ ቤት ከከረመ ግን የኔ ይመስለኛል። አንዴ የኔ ከመሰለኝ ደግሞ አይወጣም።»

አልገባኝም። የገባኝ በክረምቱ ነው። የጋሽ ቸርነት አማት ሞቱና የተዝካር ነገር መጣ። ጋሽ ቸርነት በዝናብ ሰተት ብለው እትዬ ጌጤ ቤት ገቡ። ካቡን ተሻግሬ እሳት ልጭር መጥቼ ነበርና እዚያው ነበርኩ። «ጌጤ፣ ብር ይዛለች ሲሉ ሰማሁ። እስከ ጥር ለምን ይቀመጣል? የዘመድ ነገር ነው፣ አታሳፍሪኝ» አሉ።

«ነበረኝ ጋሼ» አሉ እትዬ ጌጤ። «አቶ ማንደፍሮ ጋ ገብቷል።»

«ሳይለቅልሽ?»

«ሳይለቁልኝ።»

ጋሽ ቸርነት የተቀዳላቸውን ጠላ ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ። እትዬ ጌጤ የቀረውን ጠላ አነሡና «ይኸውልሽ ብርቄ፣ ቤቴ ቢኖር እሰጣቸው ነበር። የተክሌ ወንድም ናቸው፤ እንዴት አድርጌ እንቢ እላለሁ?» አሉኝ። ጋሽ ቸርነት ለዚያ ተዝካር የራሳቸውን መሬት በወለድ አገድ አስያዙ። ያ መሬት እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

በጥር አቶ ማንደፍሮ ራሳቸው መጡ። ገብስ የጫነች አህያ እየነዱ ነው። «መሬትሽን ይኸው፣ ለቅቄአለሁ» አሉ። ጭነቱን አራግፈው «ይኼ ደግሞ ለዘር ነው። ብርሽ ከግንቦት ጀምሮ እኔ ጋ ከርሟል፤ ዝም ብዬ ብበላው ያንቀኛል» አሉ። እትዬ ጌጤ ጠርጠር አድርገው «ይኼስ የማን ነው?» አሏቸው። «ያንቺው ነው እቴ! ደግሞ ለዚህም ሽማግሌ ልጥራ?» ብለው ሳቁ። ሦስታችንም ሳቅን። እትዬ ጌጤ ሳቃቸው ሳያልቅ ወደ ጓዳ ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

ዕዳ ማለቁ እንደተሰማ መካሪው በዛ። አንዱ የምስጋና ድግስ ደግሽ ይላል፤ ሌላው በሬ ግዢ ይላል። ግርማ ደግሞ ያኔ ጎርምሶ ነበርና በቡድን የሚያበድሩት ሰዎች ቀበሌ ድረስ መጥተው ያሉትን ሰምቶ «እማዬ፣ በግ እናደልብ፤ ቤቱንም ቆርቆሮ እናልብሰው። ዕዳሽን የከፈልሽ ሰው ስለሆንሽ አሁን ያምኑሻል» አላቸው።

እትዬ ጌጤ ልጃቸውን በደንብ አዩት። «እንዲህ ያለ እምነት ይቅርብኝ» አሉት። «ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ስነቃ መጀመሪያ የሚመጣልኝ አቶ ማንደፍሮ ናቸው፤ እግዜር እንኳ ከእሳቸው በኋላ ነው። እስቲ አንድ ዓመት የማንም ሳልሆን ልንቃ። ከዚያ የምናደርገውን እናስባለን።»

እንዳሉትም አደረጉ። አንድ ዓመት ምንም አልጀመሩም። ዘሩ፣ አጨዱ፣ በሉ። የመጀመሪያውን በሶ በጥብጠው በካቡ ላይ ሲያቀብሉኝ «ቅመሽ፣ ጣሙ የተለየ ነው» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እንደማንኛውም በሶ ነበር፤ «ወይ ጉድ፣ እንዴት ይጣፍጣል!» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ቀስ ብለው የተነሡት። ከሸጡት ገብስ እናት በግ ገዙ። የክፉ ቀን የሚሉት ገብስ ለብቻው በጎተራ ተቀመጠ፤ እሱን ማንም አይነካም። ቆርቆሮውንም ቢሆን በአንድ ጊዜ አልገዙትም። እጃቸው ላይ ትርፍ ሲኖር ጥቂት ይገዙና አልጋ ሥር ይከቱታል። «ጌጤ ቆርቆሮ ላይ ተኝታ ከሣር በታች ታድራለች» ብሎ ሰፈሩ ተሳለቀባቸው፤ ከሁሉ የባስኩት እኔ ነበርኩ። ቤቱ የተከደነ ዕለት ከቤቱ ፊት ለፊት ቆምኩና ወገቤን ይዤ «እሰይ፣ ያምራል! የማን ብር ነው?» አልኳቸው። ያን ቀን እንደሳቁት ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቤቱ ተከድኖ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ አንድ የማርያም ቀን እትዬ ጌጤ ሰው ጠሩ። ቄሶቹን፣ የእድሩን ዳኛ፣ ጋሽ ቸርነትን፣ አቶ ማንደፍሮን፣ ጎረቤቱን ሁሉ። የኮሶው ሥር ገብስ ጠላ ሆኗል፣ ዳቦ ተደፍቷል፣ አንድ በግ ታርዷል። ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሊመርቅ ሲል እትዬ ጌጤ መቀነታቸውን አጠበቁና ብድግ አሉ።

«ጠገባችሁ?» አሉ።

«ጠገብን፣ ይስጥሽ!»

«እንግዲያው ይኼ ተዝካሬ ነው» አሉ።

ልጅና ዘመድ የሌለው ሰው በቁሙ ተዝካሩን እንደሚያወጣ እናውቃለን። ባለ ሁለት ልጅ ሴት ግን እንዲህ ስታደርግ አላየንም። «ምነው እትዬ ጌጤ፣ ሳይሞቱ!» ብዬ ጮህኩ።

«ስሞት ማን ይከፍለዋል?» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ከገዛ ገብሴ አብልቻችኋለሁ። የማንም ብር የለበትም። ስሞት ፍትሐቴን ፍቱልኝ፤ ልጆቼን ግን ድግስ እንዳትጠይቋቸው። አደራ። ጋሼ፣ ጠግበዋል?»

ጋሽ ቸርነት ወደያዙት ዋንጫ አቀረቀሩ። ሁሉም ያያቸዋል። «ጠግቤአለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ እየከበዳቸው።

እንግዲህ አስካለ ስትደውልልኝ በልቤ የነበረው ይህ ሁሉ ነው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ግርማ ተነሣ። ልብሱ ጥቁር፣ ዓይኑ ያበጠ ነው። «እናቴ እኛን ለማሳደግ ሻሽ እንኳ ሳትገዛ ነው የኖረችው» አለ። «እንደ ድሃ አልሸኛትም። ሰዎች ከደብረ ብርሃን ይመጣሉ። ከአቶ ማንደፍሮ ልጅ ጋር ተነጋግሬአለሁ፤ ኮሶው ሥርን ይይዝልኛል። ቶሎ እከፍለዋለሁ።»

አቶ ማንደፍሮ ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጃቸው ጥግ ላይ ተቀምጦ እጁን እያሸ ነው። መሬቱን የምታርሰው አስካለ ከነባሏ ናት፤ ከሱ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። እናቷ በተቀበረች ዕለት ከወንድሟ ጋር ልትጣላ? ወደ እኔ አየች። ልናገር አፌን ከፈትኩ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ እኔ ማን ነኝ? ጎረቤት ነኝ። ድምፄ አልወጣ አለኝ፤ እኔ፣ ብርቄ!

ያን ጊዜ ጋሽ ቸርነት በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። አርጅተዋል፣ ጎብጠዋል። ያ ሁሉ ነገር የተጀመረው ከእሳቸው አፍ ነበርና ፈራሁ።

«ግርማ» አሉ። «ፍትሐቱ ይፈታ። ቄሶቹ ዳቦና ጠላ ይቅመሱ። እኔ ግን የጌጤን ተዝካር በልቻለሁ። እጇን ታጥባ፣ ቆማ አብልታኛለች። ጠገብኩ ብያታለሁ። ሁለተኛ አልበላም።»

የእድሩ ዳኛ «እኔም በልቻለሁ» አለ። ከወዲያ ጥግ አንዲት ሴት «እኔም» አለች። እየዞረ ሄደ፤ «እኔም በልቻለሁ»፣ «እኔም»። የአቶ ማንደፍሮ ልጅ መጨረሻ ላይ «አባቴም በልተው ነበር፤ መሬቱን አልይዝም» አለ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ማለቅ ያልቻለ ልቅሶ ይዞኝ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። ግርማ በጋቢው ተሸፋፍኖ ቁጭ አለና፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።

ትንሽ ቆይቶ አስካለ ቆሎ በሰፌድ ይዛ ዞረች። ጋሽ ቸርነት አጠገብ ስትደርስ ጎንበስ አለች። ሽማግሌው አንድ ጭብጥ ዘገኑና ወደ አፋቸው ሳያደርሱ መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት።

«የማን ገብስ ነው?» አሏት።

«የኛ ነው፣ ጋሼ» አለች።